የወጊው መዝገብና የተወጊው ትዝታ
ስለ አየርላንድ ባለርስቶች በቃል የተነገረውና በወረቀት የሰፈረው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል አንድ የአበው ብሂል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ሌላው። ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ አንደበት የወጡ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አይስማሙም። የመጀመሪያው እውነትን ለብዕር አደራ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለቁስል። የሁለቱን ሙግት እስከ ጥጉ ለመከታተል የሚሻ ሰው የአየርላንድን የመሬት ታሪክ ቢመለከት ብዙ ያተርፋል።

በዚያች ደሴት በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከተካሄደው የመሬት ነጠቃ ጀምሮ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ድረስ አብዛኛው መሬት በጥቂት ሺህ ቤተሰቦች እጅ ነበር። ባለርስቶቹ በአመዛኙ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጡ ፕሮቴስታንቶች ተወላጆች ሲሆኑ፣ ጭሰኞቻቸው በአመዛኙ ካቶሊኮችና ለረዥም ዘመን የአይሪሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባለርስቱ ይጽፋል፤ ጭሰኛው ይናገራል። ባለርስቱ የኪራይ መዝገብ፣ የውል ሰነድ፣ ከወኪሉ ጋር የተለዋወጠው ደብዳቤና የቤተሰብ የሐረግ መጽሐፍ ትቶ አልፏል። ጭሰኛው ደግሞ እርግማን፣ ዘፈን፣ የቦታ ስምና በምድጃ ዙሪያ የሚወራ ታሪክ ትቷል። ሁለቱ ቅርሶች ስለ አንድ ቤተሰብ ሲመሰክሩ እንደ ሁለት ልዩ ልዩ አገር ሰዎች ይነጋገራሉ። የሥነ ጽሑፍ ሰው በዚህ መካከል የሚቆምበት ስፍራ የት ነው? ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ የሞቱትን ሰዎች ስም ብቻ ሳይሆን፣ ሕያዋኑ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩትን ታሪክ ይነካልና።

የአዛዡ አፍ፣ የልጁ ወረቀት

ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በልቦለድ መልክ ያነሣችው ራሷ ከባለርስት ቤት የወጣች ሴት ናት። ማሪያ ኤጅዎርዝ (1768–1849) በእንግሊዝ ተወልዳ፣ በ1782 ከአባቷ ጋር በሎንግፎርድ አውራጃ ወደሚገኘው የቤተሰቡ ርስት መጣች። አባቷ ርስቱን በሚያስተዳድርበት ጊዜ ረዳቱ ሆና የሒሳቡን መዝገብ ይዛለች፤ ጭሰኞች ኪራይ ሊከፍሉና አቤቱታ ሊያሰሙ ሲመጡ ተመልክታለች። በ1800 ስሟን ሳትጠቅስ ያሳተመችው «ካስል ራክሬንት» የአራት ተከታታይ ባለርስቶችን ውድቀት ይተርካል። የቤተሰቡ ስም ራሱ ክስ ነው፤ «ራክሬንት» ማለት ጭሰኛውን እስከ መጨረሻ አቅሙ የሚጨምቅ የመሬት ኪራይ ነውና።

ተራኪው ታዲ ክዌርክ የተባለ የቤቱ ሽማግሌ አዛዥ ነው። ፊደል ያልቆጠረ፣ ዕድሜውን ሁሉ በጌቶቹ ደጅ የፈጀ፣ በቃሉ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ነው። ሰር ፓትሪክ በመጠጥ፣ ሰር መርታ በሙግት፣ ሰር ኪት በቁማርና ከአገር ርቆ በመኖር፣ ሰር ኮንዲ በቸልተኝነትና በፖለቲካ ርስቱን እንዴት እንዳባከኑት ታዲ ይተርካል። ሲተርክም ያመሰግናቸዋል። ምስጋናው በጆሮ ሲገባ ምስጋና ነው፤ በልብ ሲያድር ግን የክስ ማመልከቻ ይሆናል። የመጽሐፉ ትልቁ ምፀት እዚህ ላይ ነው። አዛዡ የዋህ ይሁን ተንኮለኛ ሐያስያን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውም የደራሲዋን ብልኃት ያስመሰክራል።

ከታዲ ትረካ ጎን ግን ሌላ ድምፅ አለ። መቅድሙን የጻፈው «አዘጋጅ» የአዛዡን ቃል ለእንግሊዝ አንባቢ በግርጌ ማስታወሻና በመፍትሔ ቃላት ያብራራል፤ እንደ አዋቂም ከላይ ሆኖ ይመለከተዋል። እንዲህም ሆኖ አንድ ገጽ ሁለት ምስክሮችን ይይዛል፤ ከላይ የሚናገረው ትዝታ፣ ከታች የሚጽፈው ደግሞ መዝገብ ነው። በታሪኩ ውስጥም ይኸው ፍልሚያ ይታያል። የታዲ ልጅ ጄሰን የሕግ ሰው ይሆናል፤ የጌታውን የዕዳ ወረቀት ይሰበስባል፤ በመጨረሻም ርስቱን በፊርማ ይወስዳል። አባትየው በትዝታ የጠበቀውን ቤት ልጁ በወረቀት ይወርሰዋል። ልቦለዱ በወጣበት ዓመት አየርላንድን ከብሪታንያ ጋር የሚያዋህደው ሕግ መጽደቁን፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ጀምሮም ሥራ ላይ መዋሉን ላስተዋለ አንባቢ የፊርማው ነገር የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየውም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የታዲ አነጋገር በቤተሰቡ አዛዥ በጆን ላንጋን አነጋገር ላይ የተመሠረተ መሆኑን ደራሲዋ ገልጻለች። ይሁን እንጂ ከባለርስቶቹ ጥፋት አንዳንዱ የተቀዳው የኤጅዎርዝ ቤተሰብ «ጥቁር መጽሐፍ» ብሎ ከሚጠራው የቤተሰብ መዝገብ ነው። በሚስቱ ላይ በር የዘጋባት የሰር ኪት ታሪክም በግርጌ ማስታወሻው ከተጠቀሰ እውነተኛ የእስራት ታሪክ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የቃል ትዝታ መስሎ የቀረበው ድርሰት አጥንቱ ወረቀት፣ ሥጋው ድምፅ ነው።

የመጽሐፉ ድክመት ከዚሁ ይመነጫል። ታዲ አዛዥ እንጂ ጭሰኛ አይደለም። ኪራዩ ሲከብደው ከብቱን የሸጠው፣ ከጎጆው የወጣው ገበሬ በአዛዡ ወሬ ውስጥ እንደ ጥላ ያልፋል። ትዝታም መደብ አለው፤ ከጌታው ማዕድ አጠገብ የቆመ ሰው የሚያስታውሰውና ከመንደሩ ጫፍ የቆመው የሚያስታውሰው አንድ አይደለም።

ሎርድ ሊትሪም፦ ሰውዬውና ስሙ

ከልቦለድ ወደ ታሪክ ስንሻገር ሙግቱ ይከራል። ኤፕሪል 2 ቀን 1878 ጧት፣ በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ በዶኒጎል አውራጃ፣ ሦስተኛው የሊትሪም ኧርል ዊልያም ሲድኒ ክሌመንትስ በሠረገላ ወደ ሚልፎርድ ሲጓዝ በጫካ ዳር አድፍጠው የጠበቁት ሰዎች ገደሉት። ጸሐፊውና ሠረገላ ነጂውም አብረውት ሞቱ። በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም፤ ከተጠረጠሩት አንዱ ለፍርድ ሳይቀርብ በእስር ቤት በበሽታ ሞተ። የኧርሉ አስከሬን በደብሊን ሲቀበር የተሰበሰበው ሕዝብ በጩኸትና በስድብ ሸኘው።

የአካባቢው ትዝታ ስለዚህ ሰው አያመነታም። ጭሰኛ ነቃይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የጭሰኞቹን ሴቶች ልጆች የሚደፍር አውሬ ነበር ይላል። ገዳዮቹ ከፋናድ ልሳነ ምድር የመጡ ጀግኖች ናቸው። በ1960 በዚያው አካባቢ የቆመላቸው ሐውልትም የባለርስቶችን የግፍ አገዛዝ ያበቁ አርበኞች አድርጎ ያወድሳቸዋል።

በወረቀቱ በኩል ደግሞ የታሪክ ሊቁ ኤ. ፒ. ደብልዩ. ማልኮምሰን በ2009 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ አለ። ርእሱ ስለ ክፉው ኧርል በጎ ጎኖች የሚናገር በመሆኑ ሐሳቡን አስቀድሞ ይገልጣል። ከቤተሰቡ ሰነዶች ውስጥ የወጣው ሰው ግትር፣ ጠበኛ፣ በሒሳብ ጥንቁቅ፣ ርስቱን በራሱ ዓይን የሚቆጣጠርና ከጎረቤቱም ከመንግሥትም ጋር የሚጋጭ ሰው ነው። ስለ ደፋሪነቱ የሚነገረው ግን ከወረቀቱ ርቆ የሄደ ነው ሲል ይሞግታል።

ታዲያ ማን ይታመን? አንድ ፍሬ ነገር ለፍርዱ ያግዛል። በዚያው በኤፕሪል 1878 ጉዳዩ በለንደን የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተነሥቶ ነበር። አንድ የአየርላንድ እንደራሴ የኧርሉን ምግባር ሲያነሣ፣ ሌላው ጋዜጠኞችና እንግዶች እንዲወጡ አስደረገ፤ ክርክሩም በዝግ ቀጠለ። እንግዲህ ክሱ በአደባባይ በተነሣበት ጊዜ ብዕረኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። መዝገቡ «አላየሁም» ቢል አይፈረድበትም፤ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነውታልና። በባለርስቱ ቤት የተጠራቀመ ወረቀትም ጌታው በጭሰኛ ልጅ ላይ የፈጸመውን ግፍ ይመዘግባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በአንፃሩ ትዝታውን ሳይመረምሩ መቀበልም ያሳስታል። የባለርስት ታሪኮች ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ ናቸው። ጌታው ከእንግዳ ጋር ካርታ ሲጫወት ወረቀት ወድቆ፣ ለማንሣት ያጎነበሰ ሰው የእንግዳውን እግር የሰይጣን ሰኮና ሆኖ ሲያገኘው የሚለው ተረት በዌክስፎርድ አውራጃ ስለ ሎፍተስ አዳራሽም፣ በደብሊን አጠገብ ስለሚገኘው የሞንትፒሊየር ኮረብታ ቤትም እኩል ይነገራል። ተረቱ ሰይጣን በየትኛው ቤት እንዳደረ አይነግረንም። የሚነግረን ሕዝቡ እነዚያን ቤቶች እንዴት ያያቸው እንደነበር ነው። ሐውልቱም እንዲሁ ነው። የባለርስቶች አገዛዝ በ1878 አላበቃም፤ የጭሰኞች ንቅናቄ የሆነው የመሬት ማኅበር የተመሠረተው በ1879 ነው፤ ዳኛ ኪራይን እንዲወስን የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1881 ነው፤ ርስት በገፍ ለጭሰኞች እንዲሸጥ ያስቻለው ሕግ ደግሞ የ1903ቱ ነው። ትዝታ የ25 ዓመታትን ትግል አጥፎ በአንድ ጧት የጠመንጃ ድምፅ ውስጥ ከቶታል። ለዘፈን ይመቻል፤ በስብሰባና በአድማ ለደከሙት ብዙ ሺህ ገበሬዎች ግን ስፍራ አይተውም።

መዝገብ የማይቆጥረው

የአየርላንድ ታሪክ ሊቃውንት በተለይም ደብልዩ. ኢ. ቮን በ1994 ባሳተመው ጥናቱ፣ ከታላቁ ረሃብ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ጭሰኞችን ማፈናቀል ትዝታው ከሚለው ያነሰ፣ ኪራዩም ከምርቱ ዋጋ ዕድገት ወደ ኋላ የቀረ እንደ ነበር አሳይቷል። ቁጥሩ የመጣው ፖሊስ ከ1849 ጀምሮ ከያዘው መዝገብና ከርስቶቹ ሒሳብ ነው። ንቀት የሚገባው ማስረጃ አይደለም።

ሆኖም ቁጥር የሚቆጥረው የሆነውን ነው። ብዙው ጭሰኛ መሬቱን ይይዝ የነበረው ከዓመት ዓመት በሚታደስ ልማድ ነበርና፣ የመልቀቂያ ማስታወቂያ በማንኛውም ዓመት ሊደርሰው ይችላል። ማስታወቂያው ደርሶት፣ ለምኖ ወይም ከፍሎ የቀረ ቤተሰብ በተፈናቃዮች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። እናትየው ግን ያን ክረምት እንቅልፍ አላገኘችም፤ ለልጅ ልጇም ያወረሰችው ያን ሌሊት ነው። ትዝታ በቁጥር ሲሳሳት በፍርሃት መጠን ትክክል ሊሆን ይችላል።

የዴሪቬይ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። ባለርስቱ ጆን ጆርጅ አዴር የበጎች ኃላፊው በ1860 ተገድሎ በተገኘ ጊዜ ጭሰኞቹን በጅምላ ተጠያቂ አደረገ። በኤፕሪል 1861 በሦስት ቀን ውስጥ 47 ቤተሰቦችን፣ 244 ነፍሳትን በፖሊስ ኃይል ከቤታቸው አስወጣ። መዝገቡ በዚህ ጊዜ አልሸሸም፤ ቤተሰቦቹን አንድ በአንድ ቆጥሯል፤ ወደ ድሆች ማደሪያ የገቡትን፣ በመዋጮ ገንዘብ ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩትን መከታተል ያስችላል። ትዝታው ደግሞ ዝርዝሩን ትቶ እርግማኑን ያዘ፦ አዴር በኋላ በግሌንቬይ ሐይቅ ዳር ያሠራው ግንብ ወራሽ እንዳይወጣበት ተረግሟል ይላል። አዴር በ1885 ልጅ ሳይተካ መሞቱ ለተራኪዎቹ በቂ ማረጋገጫ ሆነ። እዚህ ላይ ሁለቱ ምስክሮች አይጋጩም፤ ሥራ ተከፋፍለዋል። አንዱ የተጎጂዎቹን ስም ይይዛል፣ ሌላው ፍርድ ቤት ያልሰጠውን ፍርድ ይሰጣል።

መዝገብም ዘላለማዊ እንዳልሆነ አየርላንድ ጠንቅቃ ታውቃለች። ጁን 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ የደብሊኑ የመዛግብት ቤት ሲቃጠል የብዙ ምዕተ ዓመታት ሰነድ አመድ ሆነ። ከ1861 እስከ 1891 የተካሄዱትን የሕዝብ ቆጠራዎች ዝርዝር ወረቀት ደግሞ ጦርነት ሳይሆን መንግሥት ራሱ አስወግዶታል። ከጠፋው የተረፈውንና በሌላ ስፍራ የተገኘውን ግልባጭ የሚያሰባስብ የኤሌክትሮኒክ ግምጃ ቤት በ2022 ተከፍቷል። «በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እሳትን አልቆጠረም።

ትዝታ የሚሸሽገው

ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሽን ለመምህራንና ለተማሪዎች ታላቅ ሥራ ሰጠ። ከ5,000 ያህል ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ከ50,000 በላይ ሕፃናት የአያቶቻቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ቃል በደብተር ጻፉ፤ ወደ 740,000 የሚጠጋ ገጽ ተሰበሰበ። ስለ አካባቢው ባለርስት የሚናገሩት ገጾች ብዙ ናቸው። ጨካኙም ደጉም፣ ለማኝ የማያሳልፈውም በረሃብ ጊዜ ያበላውም ይገኙባቸዋል። መምህራን እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠሩ መቻላቸው ራሱ የሚያስቀና ነው።

ይህ ሀብት ግን የራሱ ዝምታ አለው። ስለ 1845–1849 ረሃብ የተሰበሰበውን ቃል የመረመሩ ሊቃውንት አንድ ጠባይ አስተውለዋል፤ ተራኪው ብዙ ጊዜ ክፉው ነገር የደረሰው በሌላ ደብር፣ በሌላ ቤተሰብ ላይ እንደ ሆነ ይናገራል። የራስን ቤት ውርደት መተረክ ከባድ ነው። ከዚህም የከፋ ዝምታ አለ። የተነቀለው ጭሰኛ መሬት ባዶ አልቀረም፤ ብዙ ጊዜ የወሰደው ጎረቤቱ ነው። የንቅናቄው መሪ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል በሴፕቴምበር 1880 በኤኒስ ከተማ ባደረገው ንግግር የተነቀለን ሰው መሬት የሚይዝ ሁሉ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም እንዲገለል መጠየቁ እንዲህ ያለው ሰው በየመንደሩ እንደ ነበር ያስረዳል። የልጅ ልጆቹ ዛሬም በዚያው መሬት ላይ ካሉ መንደርተኛው ስሙን አይጠራም። ባለርስቱ ሄዷል፤ በሄደ ሰው ላይ መናገር ይቀላል። የጎረቤቱ ስም የሚገኘው በኪራይ መዝገቡ ውስጥ ነው።

ትዝታ ሌላም ነገር ይሰወርበታል። በትዝታው ባለርስቱ ያፈናቀለው ልቡ ክፉ ስለ ሆነ ነው። ሰነዱ ሌላ ምክንያት ይጨምራል፦ ከ4 ፓውንድ በታች በተገመተ ይዞታ ላይ ለድሆች መርጃ የሚጣለውን ግብር የሚከፍለው ባለርስቱ ነበር፤ በ1847 የወጣው የግሪጎሪ አንቀጽ ደግሞ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ እንዳያገኝ ከለከለ። አንዱ ሕግ ባለርስቱን ድሃ ማስወጣት እንዲያተርፈው አደረገ፤ ሌላው ድሃውን ራሱ በሩን ዘግቶ እንዲወጣ አስገደደ። ጭካኔው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በሒሳብ ደብተርና በሕግ አንቀጽ ውስጥም ነበር። ይህን የሚያሳየው ወረቀት ነው፤ ትዝታው ለብቻው ቢተው ሥርዐቱን በአንድ ክፉ ጌታ ስም ሸፍኖ ባለፈው ነበር።

በመድረክ ላይ ያለ መለኪያ

ይህን ሁሉ ውዝግብ ወደ መድረክ ያመጣው ጸሐፌ ተውኔት ብራያን ፍሪል (1929–2015) ነው። በ1980 በዴሪ ከተማ የቀረበው «ትርጉሞች» የተባለው ተውኔቱ የእንግሊዝ ጦር የካርታ ሠራተኞች የአየርላንድን የቦታ ስሞች ሲለውጡ ያሳያል፤ በመጨረሻም ወታደሮቹ መንደሩን እንደሚያፈርሱ ይዝታሉ። የካርታ ሥራውን ታሪክ በ1975 የጻፈው ጄ. ኤች. አንድሩዝ እነዚያ ሠራተኞች ሰው አስለቃቂዎች እንዳልነበሩ አመለከተ። ፍሪል ስሕተቱን አልካደም፤ ተውኔት የታሪክ መጽሐፍ የማይጠየቀው የራሱ ግዴታ እንዳለው ግን ተከራከረ።

በ2005 በደብሊን ጌት ቴአትር የቀረበው «የትውልድ ስፍራ» ደግሞ በቀጥታ የባለርስቶች ተውኔት ነው። መቼቱ በ1878 በጋ፣ በዶኒጎል፣ ባሊቤግ በተባለችው የፍሪል ምናባዊ መንደር ነው። አንድ ጎረቤት ባለርስት በቅርቡ ተገድሏል፤ የሊትሪምን ሞት የሚያውቅ ተመልካች ጥላውን ይለያል። የቤቱ ጌታ ክሪስቶፈር ጎር ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን «የትውልድ ስፍራዬ» ብሎ በናፍቆት የሚጠራው የእንግሊዙን ኬንት ነው። አጎቱ ወይም አክስቱ ልጅ የሆነው ሪቻርድ ከእንግሊዝ መጥቶ የጭሰኞቹን ራስ በመሣሪያ ይለካል፤ የዘራቸውን ጠባይ ከአጥንታቸው ሊያነብ ይፈልጋል። ነገሩ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በ1890ዎቹ ተመራማሪዎች በአራን ደሴቶች ሰዎችን እንዲህ ለክተዋል።

ፍሪል ያገኘው የመድረክ ምስል እጅግ የበረታ ነው። መዝገብ በብረት መለኪያ ተመስሎ በሰው ራስ ላይ ይያዛል፤ የራሱን መጠን ይጽፋል፣ በራሱ ውስጥ ያለውን ግን አይሰማም። ከርቀት የሚሰማው የመንደሩ መዘምራን ዜማ ነው ያን የሚሸከመው። ተውኔቱ የሚነቀፍ ከሆነ ለክሪስቶፈር ሐዘን የሰጠውን ያህል ጊዜ ለሚለኩት ሰዎች ባለመስጠቱ ነው። እነርሱ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይለካሉ፣ ይወጣሉ፤ የባለርስቱ ናፍቆት ግን እስከ መጋረጃው ይናገራል። ኤጅዎርዝ ከ205 ዓመት በፊት የተወችው ክፍት ቦታ በፍሪልም ሙሉ በሙሉ አልተሞላም።

ያ ክፍት ቦታ እንዴት ይሞላል? ለትዝታም ለመዝገብም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ አያዋጣም። መዝገብን «ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በየትኛው ሕግ» ብሎ መጠየቅ፣ ደግሞም «ማን ጻፈህ፣ ለማን ጻፈህ» ማለት ይገባል። ትዝታን «ምን ፈራችሁ፣ ምን ተመኛችሁ» ብሎ መጠየቅ፣ ደግሞም «የማንን ስም ዘለላችሁ» ማለት ይገባል። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጀመሪያው ምስክር እጅ ነው።

በሮስኮመን አውራጃ በስትሮክስታውን የሆነው ለዚህ ያበረታታል። የርስቱ ጌታ ሜጀር ዴኒስ ማሆን በ1847 ከአንድ ሺህ በላይ ጭሰኞቹን ወደ ካናዳ ካስጫነ በኋላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን በጥይት ተገደለ። የአካባቢው ሰዎች ይህን አልረሱም። ቤቱ በ1979 ለአንድ የአካባቢው ነጋዴ ሲሸጥ የርስቱ ወረቀቶች ሳይጣሉ በቦታቸው ተገኙ፤ በ1994ም የረሃቡ ሙዚየም እዚያው ተከፈተ። ከወረቀቶቹ መካከል የክሉናሂ ጭሰኞች በኦገስት 1846 ያቀረቡት አቤቱታ አለ። ሥራ ይሰጠን ይላል፤ ልጆቻቸው ምግብ ሲጠይቁ መስማት እንደ ከበዳቸው ይናገራል። ከመቶ ዓመት በላይ በባለርስቱ ሣጥን ውስጥ፣ በባለርስቱ ሒሳብ መካከል ተቀምጦ የቆየው የጭሰኛው ቃል ነው። መዝገብ ነው፤ ትዝታም ነው። የአየርላንድ ባለርስቶችን ታሪክ ወደ መድረክ ሊያመጣ የሚነሣ ጸሐፊ ከዚያች ወረቀት ቢጀምር ኤጅዎርዝና ፍሪል ያልደረሱባቸውን ሰዎች ያገኛቸዋል።